የግራ ትከሻዬ ጉብታ

ትናንት አሰላ ኮት ላሰፋ ገብቼ፣ ልብስ ሰፊው በሜትር ሲለካኝ ጣቱ ግራ ትከሻዬ ላይ ካለችው ጉብታ ላይ ቆመ። «በቀኙ በኩል ጥጥ ጨምሬ ላመጣጥነው?» አለኝ።

ያቺን ጉብታ እናቴ ያየቻት በአሥር ዓመቴ፣ ገላዬን ስታጥበኝ ነው። ዕጢ መሰላትና ሳምንቱን ሙሉ ስታለቅስ ሰነበተች። አባቴም እህል አልበላ አለው። እኔ ግን ምክንያቱን አውቅ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ገብስ የጫነ ጋሪ ላይ ከኋላ ተንጠልጥዬ ወድቄ ነበር። ጋሪ ላይ መንጠልጠል ተከልክዬ ስለነበር ዱላ ፈርቼ ዝም አልኩ።

በመጨረሻ አባቴ ወጌሻው አቶ ከድር ዘንድ ወሰደኝ። ሽማግሌው እጃቸውን ቅቤ ቀብተው ሁለቱንም ትከሻዬን ዳበሱ።

«ዕጢ አይደለም፣ አጥንት ነው» አሉ። «ወድቃ ነው። ሳይታሰር ስለገጠመ ጉብታው አይጠፋም፤ ግን አይጎዳትም። ልብህ እንዲያርፍ ራጅ አስነሳት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ከምን ላይ ወደቅሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ከጋሪ» አልኩ።

አባቴን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። እሱ ግን መሬት ላይ ቁጭ አለና፣ «ከጋሪ ነው እንዴ? ተመስገን፣ ተመስገን» አለ። ራጁም አቶ ከድር ያሉትን አሳየ። ዱላም አልቀመስኩም።

«እንዳለች ትሁን» አልኩት ልብስ ሰፊውን።

እናቴ ያን ሳምንት ለምን ዝም እንዳልኩ እስከ ዛሬ ጠይቃኝ አታውቅም። አዲስ ልብስ በለበስኩ ቁጥር ግን መጀመሪያ እጇ የሚያርፈው ግራ ትከሻዬ ላይ ነው።