ቀለበቱ መጨረሻ ይታያል

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ ግርማ አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ዐሥር ሜዳይ ደረደሩና አጉሊ መነጽር ሰጡኝ። «በል በኩሩን ከድጋሚው ለይ» አሉኝ። ላብ በላብ ሆኜ ለየሁ። ዐሥሩንም ሳትኩ። «ዐይኑን ጨፍኖ የገመተ ሰው እንኳ አምስቱን ያገኝ ነበር» አሉኝ። «ዐሥሩንም መሳት ተሰጥኦ ይፈልጋል። ተቀጥረሃል።»

ለማታውቁት ላስረዳ። ሜዳይ የሚመታው በብረት ቅርጽ ነው። በዓሉ በተከበረበት ዘመን ተመትቶ ለተሸላሚ የተሰጠውን በኩር እንለዋለን። በዓሉ ያልፋል፣ ንጉሡም ያልፋሉ፣ ቅርጹ ግን አንድ መጋዘን ውስጥ ተጥሎ ይቀራል። ከዘመናት በኋላ አንዱ ያገኘውና ለሰብሳቢዎች ገበያ እንደገና ይመታበታል። ይሄኛው ድጋሚ ነው። ድጋሚ ሐሰተኛ አይደለም። ቅርጹ ያው ነው፤ የማንም ደረት ላይ ግን አልተሰካም። እኛ ካርዱ ላይ «ድጋሚ» ብለን ጽፈን እንሸጠዋለን፤ ፈልጎ የሚሰበስበውም ሞልቷል። አንድ ደንበኛችን በኩር አሳይቼው «ይሄማ አርጅቷል፤ አዲሱን ስጠኝ» ብሎኝ ያውቃል። የፈለገውን ሰጠሁት። በሰው ደስታ አልገባም።

አሠራሩን አቶ ግርማ በዚያችው ቀን አስተማሩኝ። መጀመሪያ ሚዛን። ቀጥሎ ስፋቱ በካሊፐር። ቀጥሎ ፊቱ በመነጽር። ተከማችቶ የኖረ ቅርጽ ይዝጋል፤ ዝገቱ የበላው ቦታ ሁሉ በድጋሚው ላይ ጥቃቅን እብጠት ሆኖ ይወጣል። እሱን ብጉር እንለዋለን። ብዙ ጊዜ በንጉሡ ምስል ጆሮ ሥር ይበዛል።

«ሜዳዩ የሚንጠለጠልበት ቀለበትስ?» አልኳቸው።

«ቀለበቱ መጨረሻ። ቀለበት ይበጠሳል፣ ሰው ያስቀይረዋል። በቀለበት የጀመረ ተመልካች አይደለም።»

በሱቃችን ማዕረጉ ሦስት ነበር፤ አምጪ፣ ተመልካች፣ አለቃ። አምጪ ገጠር ለገጠር ዞሮ ይገዛል። ተመልካች አይቶ ይፈርዳል። አለቃ ሻይ ይጠጣል። እኔ በዚያው በኩል ቀየት ተወልጄ ያደግኩ ስለሆንኩ መንዝን፣ ግሼንና መርሐቤቴን ሰጡኝ። በአራተኛው ዓመት ተመልካችም አምጪም ሆንኩ። ያን አገር የዞርኩበት አውቶቡስ ሰባት ጊዜ ሞቶ ሰባት ጊዜ በሽቦ ተነስቷል። ብርዱ ደግሞ ሰላምታ ጀምሬ ሳልጨርስ ከንፈሬ ላይ ያደርቀው ነበር።

በየገበያው ሰው የሚሰበሰብልኝ ለሜዳይ ብቻ አልነበረም። ለአፌም ነበር። አስቃለሁ። ሃያ ሰው ከከበበኝ ጠጅ እንደጠጣ ሰው ነው የምሆነው። ይህን ያዙልኝ።

አንድ የገበያ ቀን ራቤል ከተማ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ጠረጴዛዬን ዘርግቼ ሳለ ጋሽ ሺበሺ መጡ። ሰማንያን የተጠጉ፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ከራቤል በበቅሎ ፖስታ ያመላልሱ ነበር። በንጉሡ የዙፋን ኢዮቤልዩ በዓል ጊዜ አንድም ደብዳቤ ጠፍቶባቸው ስለማያውቅ የመታሰቢያ ሜዳይ እንደተሸለሙ አገር የሚያወራው ነው። ልጃቸው በለጡ ከኋላቸው ቆማለች። የዚያው ከተማ መምህርት ናት።

«ለመሸጥ አይደለም» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። «የማኅበሬ ሰዎች፣ ለበቅሎ ነጂ ማን ሜዳይ ይሰጣል እያሉ ያሾፉብኛል። አንተ አዋቂ ነህ አሉ። እይና ጮክ ብለህ መስክርልኝ።»

ከጨርቅ ውስጥ አወጡት። ጭስና ቅቤ ጠጥቶ ጠቁሯል። ሚዛኔ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሰው ከቦናል። ዐይኔ ቀለበቱ ላይ አረፈ፤ ሜዳዩ ከሰል መስሎ ቀለበቱ ያብለጨልጫል። ቀጭን፣ በማሽን የወጣ የብር ሽቦ።

«ጋሼ፣ ቀለበቱ ተቀይሯል እንዴ?»

«ከተሰጠኝ ጀምሮ የሰው እጅ አልነካውም!»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በማርያም!»

በለጡ መሬት መሬት አየች። እኔ ልጅቷ እንኳ በአባቷ አፈረች ብዬ ተረጎምኩት። ሒሳቡ ቀላል መሰለኝ፤ ቀለበቱ አዲስ ነው፣ አልተቀየረም ይላሉ፤ እንግዲያው ሜዳዩም አዲስ ነው። መነጽሬን ለወጉ ያህል አስጠጋሁት። ንጉሡ ጆሮ ሥር ነጠብጣብ ነገር አየሁ። ብጉር ነው አልኩ።

«ጋሼ» አልኩ፣ እስከ በግ ተራው እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ይሄ ድጋሚ ነው። ይሄ ሜዳይ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። እንዲያውም እርስዎ ሊለኝ ይገባል!»

ገበያው ፈነዳ። በጎቹም የሳቁ መሰለኝ። ጋሽ ሺበሺ አልተቆጡም። ሜዳዩን ጨርቁ ውስጥ መልሰው ሦስት ጊዜ አጠፉትና ሄዱ። በለጡ ትንሽ ቆማ አየችኝ፤ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ከዚያ አባቷን ተከተለች።

በእኛ ሥራ ድጋሚ ስድብ አይደለም ብያለሁ። ራቤል ግን ካርድ አያነብም። ሕዝቡ የሰማው «ሐሰተኛ» የሚለውን ነው። በማኅበሩ ጠላ ቀጂው ጋሽ ሺበሺ ፊት ሲደርስ «ለእርስዎ ድጋሚ ልቅዳ?» ይላቸው ጀመር። ማኅበርተኛው ዋንጫውን ይዞ በሳቅ ይንፈራፈራል። ያን ቀልድ እኔ አንድ ጊዜ ነው የመታሁት። ከዚያ በኋላ የመታው ሌላው ነው። ከሁለት ወር በኋላ ዓለም ከተማ ላይ አንድ የአውቶቡስ ተሳፋሪ በአጎቱ ላይ እንደደረሰ አድርጎ ለራሴው ነገረኝ። ኮራሁ። ይህንንም ልደብቃችሁ አልችልም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ራቤል ተመልሼ፣ ያው በረንዳ ላይ ገና ጠረጴዛዬን ሳልዘረጋ በለጡ መጣች። ጨርቁን ይዛለች።

«አባቴ ደክመዋል» አለችኝ። «ማኅበሩን ከተዉ ሦስት ዓመታቸው። ሜዳዩን ለመስቀልም አያወጡትም። እንደገና እየው።»

«አይቼው የለም እንዴ፣ መምህርት?»

«አላየኸውም። አንተ ያየኸው ቀለበቱን ነው። ቀለበቱን ያስቀየርኩት እኔ ነኝ።»

ቁጭ አልኩ። ነገረችኝ። ለመስቀል ልትወለውለው ስትል አሮጌው ቀለበት እጇ ላይ ተሰበረ። አባቷ የሚሳሱለት ዕቃ ስለሆነ ፈራች። ፈተና ለማረም ዓለም ከተማ ስትሄድ ደብቃ ወሰደችውና አንድ አንጥረኛ አዲስ ቀለበት በየደለት። መልሳ ሣጥኑ ውስጥ ከተተችው። ያኔ ገበያው መሀል ልትናገር ነበር፤ ግን አባቷ በማርያም ምለው ነበር።

ከሱቁ ሙቅ ውሃና ሳሙና ለምኜ ነከርኩት። ጥቀርሻው ሲለቅ ብጉር ያልኩትም አብሮ ለቀቀ። ንጉሡ ጆሮ ሥር እንደ ብርሌ የለሰለሰ ነበር። ሚዛን ላይ አደረግኩት። ካሊፐር ያዝኩለት። ሁሉም ልክ ነው። ከመጀመሪያው ቀኔ ጀምሮ እንዲህ የጠራ በኩር አይቼ አላውቅም።

ለአቶ ግርማ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«በምን ነበር የጀመርከው?»

«በቀለበቱ።»

«እንግዲያው ሂድና ንገራቸው» አሉኝ። እሳቸውም የሚቀልዱ ሰው ነበሩ፤ ያን ቀን ግን ምንም አልጨመሩም።

ጋሽ ሺበሺ አልጋ ላይ ነበሩ። ግማሽ ሆነዋል። ከእግርጌያቸው ተቀምጬ፣ «ጋሼ፣ ተሳስቼ ነው። ሜዳይዎ በኩር ነው» አልኳቸው።

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ?» አሉኝ። «እኔማ ሲሰጡኝ ነበርኩ።»

ዝም ማለት ሲገባኝ ለማስረዳት ብዬ ስለ ቀለበቱ ነገርኳቸው። ወደ ልጃቸው ዞሩ። በለጡ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች።

«እንግዲያው በማርያም የማልኩት በሐሰት ነው?» አሉ።

«እርስዎ አላወቁም እኮ፣ አባዬ።»

«ምያለሁ አይደል? የነፍስ አባቴን ጥሪልኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ። «አንተም ተነሥ። ያኔ የተናገርከው ገበያ ላይ ነው፤ አሁንም እዚያው ሄደህ ተናገር። የማኅበሬ ሰዎች ይስሙ።»

ገበያው ሞቅ ሲል የገብስ ጆንያ ላይ ወጣሁ። ሚዛኑን በአንድ እጄ፣ ሜዳዩን በሌላው ያዝኩ። «የራቤል ሰዎች ስሙኝ! የጋሽ ሺበሺ ሜዳይ እውነተኛ ነው! ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል! የተሳሳትኩት እኔ ነኝ!»

«ታዲያ አሁን አንተ ይበልሃ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ያኔ ከሳቁት በላይ ሳቁ። «ሌላ አምጣ!» ይለኛል አንዱ። «ድጋሚ! ድጋሚ!» ይላል ሌላው። እኔ እምላለሁ፣ እነሱ ሆዳቸውን ይይዛሉ። ሚዛኑን ሳሳያቸው ይብስባቸዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚህ አፍ ቁም ነገር ሰምተው አያውቁም፤ ምን ያድርጉ? የሰውዬው ምላሽ ደግሞ ጥሩ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

ጋሽ ሺበሺ «ሰዎቹ ምን አሉ?» ሲሉኝ «ሰምተዋል» አልኳቸው። ከሥራ ዘመኔ ውሸቶች ሁሉ ትንሿ እሷ ናት፤ እሳቸውም አላመኗትም። ሁለት ገበያ ሳይቆም ዐረፉ።

ለቅሶው ላይ በለጡ ፎቶግራፋቸውንና የቆዳ ፖስታ ቦርሳቸውን አስይዛ፣ ሜዳዩን ራሷ በቀይ ጨርቅ ላይ ይዛ ወጣች። ሕዝቡ በሥርዓቱ አለቀሰ። ከቀብር መልስ ድንኳን ገባን። ጠላ ቀጂው በእኛ መደዳ እየወረደ መጣ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ጨልጦ ዋንጫውን ዘረጋ።

«ድጋሚ ልቅ—» ብሎ ቀጂው ምላሱን ነከሰ።

መደዳው ሁሉ አቀረቀረ። ያቀረቀሩት ለሐዘን አልነበረም፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በለጡ ከድንኳኑ ማዶ ታየናለች። እኔ ዋንጫዬን በመዳፌ ከደንኩ።

ሜዳዩን አልሸጠችውም። ያንን አዲስ ቀለበት አስወልቃለት ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። አሁን የማንም ደረት ላይ አይንጠለጠልም።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምነግራችሁ ይህን ነው። በሚዛን ጀምሩ። ቀለበቱን መጨረሻ እዩ። ያገኛችሁትን ለባለቤቱ ብቻ፣ በር ዘግታችሁ ንገሩ።