ነመራ ጩቤ

ነመራ ገና ጢም ሳያበቅል ጎኑን በጩቤ ተወግቷል። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ከጊምቢ ቡና የጫኑ በቅሎዎች እየነዳ ሲመጣ ጉቴ ወንዝ ዳር ዋጋሪ ከሚባል ሌላ ነጂ ጋር ተገናኘ። የማን በቅሎ ቀድሞ ይጠጣ በሚል ተጣሉ። ዋጋሪ ጩቤውን መዘዘ። ነመራን አብረነው የምንነዳ ጓደኞቹ በቃሬዛ ተሸክመን ነቀምት አስገባነው፤ ክረምቱን በሙሉ ተኝቶ ከረመ።

ሲነሳ ሽማግሌዎች አስታረቋቸው። እርጥብ ሣር ጨብጠው ማሉ። በአገራችን ደንብ ከእርቅ በኋላ ተበዳዩም ሆነ ሽማግሌው የበዳዩን ስም አያነሳም፤ ካነሳ እርቁን አፈረሰ ማለት ነው።

አበጋዝ የሚባል የሸዋ ነጋዴ ነመራን ወዶት «ጩቤ የማይበግረው» ይለው ጀመር። ገበያው አሳጠረውና «ጩቤ» ብቻ ቀረ። ታሪኩን የማያውቅ ሁሉ ወጊ እንጂ ተወጊ አይመስለውም ነበር።

ነመራ አርጆ የምትኖር ወርቂቱ የምትባል ልጅ ወደደ፤ እነዚያኑ ያስታረቁትን ሽማግሌዎችም ላከ። እኔ አብሮ አደጉ ስለሆንኩ ተከትያለሁ። ዋጋሪም አብሮን ነበር፤ ከእርቁ ወዲህ እንደ ወንድም ሆነዋል። የልጅቱ አባት ኦቦ ኢዶሳ ግን ከመቀመጣችን፣

«ጩቤ ቤቴ አስገብቼ እንቅልፍ ይወስደኛል?» አሉ።

«ኦቦ፣ ስም ብቻ ነው» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«ስም ከመሬት አይበቅልም። ማንን ወጋ? ካልወጋስ ስሙ ከየት መጣ? አፍ አለው፣ ይንገረኝ።»

ነመራ መሬት መሬት አየ። ሸሚዙን ቢገልጥ የሚከተለው ጥያቄ «ማን ወጋህ?» ነው። ሽማግሌዎቹም ዝም አሉ፤ መሐላው እነሱንም ይዟል።

«እንግዲያው ልጅ የለኝም። በሉ መንገዳችሁን» አሉ ኦቦ ኢዶሳ።

ያን ጊዜ ዋጋሪ ከኋላ ተነሳ። የራሱን በደል እንዳይናገር የከለከለው መሐላ የለም።

«ኦቦ፣ ጩቤው የኔ ነበር። ወጊው እኔ ነኝ፣ የተወጋው እሱ። አሁን ልጅ እየተከለከለ ዝም ያለው ለኔ ሲል ነው።»

ኦቦ ኢዶሳ ወደ ነመራ ዞሩ።

«እውነት ነው? ጎንህን አሳየኝ።»

«እርቅ የሸፈነውን አልገልጥም፣ ኦቦ።»

የኦቦ ኢዶሳ ፊት ፈታ አለ።

«ይሄስ ሰገባ ያለው ጩቤ ነው» አሉና ወርቂቱን ሰጡት።

ነመራና ወርቂቱ ነቀምት ባኬ ጃማ ሰፈር ቤት ሠርተው ልጆች አሳደጉ። የመኪና መንገድ በቅሎን እስኪያስጥል ከዋጋሪ ጋር አብረው ነገዱ። ስሙንም «አውልቀው» ብንለው እምቢ እንዳለ አረጀ።

ከመሞቱ በፊት በሕይወቱ ትልቁ ነገር የቱ እንደነበር ጠየቅሁት። መትረፉን ይለኛል ብዬ ነበር።

«ቁስልማ ይድናል» አለኝ። «ወርቂቱንም ብከለከል አልቅሼ እተወው ነበር። አርጆ ላይ የዋጋሪን ስም ብጠራ ግን ከሱ ጋር በአንድ ገበታ እንዴት እቀመጥ ነበር? እኔ ዝም አልኩ፣ እሱ ተነሳ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንዝ ስንደርስ አንድ ቀን እንኳ አልተጣላንም፤ እሱ ‹የነመራ በቅሎ ትቅደም› ይላል፣ እኔ ‹የዋጋሪ› እላለሁ። በቅሎዎቹ ናቸው በውሃ ጥም ያለቁት።»