የእህቴ ሕመም ስም

የወተት ጥርሴ ገና ተነቅሎ ሳያልቅ፣ መብራት በጠፋ ምሽት ተረት የሚያወጉን የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ፈንታ ነበሩ። ዱርቤቴ ከተማ ባዮሎጂ ያስተምሩ ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ባሕር ዳር ይመጣሉ፤ ያኔ እኔና ታላቅ እህቴ ትዕግሥት የከሰሉን ፍም ከበን፣ ከጣና የሚነፍሰው ንፋስ የኩራዙን ነበልባል ሲያንገላታው እያየን እናዳምጣቸው ነበር።

አንድ ክረምት ግን ተረቱ ቀረ። ትዕግሥት ፊቷ አብጦ፣ ሽንቷ ቀልቶ ሐኪም ቤት ተመላለሰች። ሐኪሙ የተናገረውን ረጅም ስም እናቴ መያዝ አልቻለችም። የያዘችው፣ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ትዕግሥትን «ምን አሳምሮ ፈጠረሽ!» ያሏትን ነበር፤ በማግስቱ ነው ያበጠችው። ከዚያ ወዲህ እናቴ ሰላምታ ነሳቻቸው።

ጋሼ ፈንታ ሐኪሙን ራሳቸው አነጋግረው መጡና ፍሙ አጠገብ ተቀመጡ።

«ግሎ፣ ሜ፣ ሩ፣ ሎ፣ ኔፍ፣ ራይ፣ ቲስ» አሉ ቀስ ብለው። እኔና ትዕግሥት ተከተልናቸው።

«ግሎሜሩሉስ በላቲን ትንሽ ልቃቂት ነው። ኩላሊት ውስጥ ደም የሚያጣሩት ቀጫጭን ሥሮች እንደ ክር የተጠቀለሉ ናቸዋ። ኔፍሮስ በግሪክ ኩላሊት ነው። አይቲስ ደግሞ መቆጣት።»

«ምን አስቆጣው ታዲያ?» አለች እናቴ።

«ጉሮሮዋን አሟት አልነበር? ከዚያ የመጣ ነው ብሎኛል።»

እናቴ ፍሙን ቆስቆስ አደረገች። «የሰው ዓይን የሚል የለበትም?»

«ከጫፍ እስከ ጫፍ ብትፈልጊ የለበትም።»

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ስትመለስ እትዬ ብርቄ አብረዋት ነበሩ። የትዕግሥትን ያበጠ እግር ዳሰስ አድርገው፣ «እኔም እኮ ዓይኔን እየፈራሁ መስኮቴን ዘግቼ ከረምሁ» አሉና አለቀሱ።

ስሙን ማወቃችን ትዕግሥትን አላዳናትም። ከዓመታት በኋላ ኩላሊቷ ደከመ፤ ዛሬ ለእጥበት ይዣት የምሄደው እኔ ነኝ፤ እኔም ደክሜአለሁ። ወረፋ ስንጠብቅ አንዳንዴ አንዲት እናት የልጇን ሕመም ስም ልትጠራ ስትታገል እሰማለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ባርፍ እወድ ነበር። ግን ጠጋ እልና፣ «ቀስ እያልን አብረን እንጥራው» እላታለሁ።