ባለካፖርቷ

አናት በሚበሳ ፀሐይ ወፍራም ካፖርት ለብሳ ስለምትወጣ የዩኒቨርሲቲው ዘበኛ "ባለካፖርቷ" ይላታል። የምትውለው ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ነው፤ አንድ ትዕቢተኛ ፕሮቲን ክሪስታል እንዲሠራላት አራት ዓመት ለምናዋለች። ክሪስታል ካልሆነ ቅርጹ አይታይም፤ ቅርጹ ካልታየ ምረቃ የለም። በሩን በኃይል ለሚዘጋ ሰው "ቀስ በል፣ ይረበሻል" ትላለች፣ ሕፃን ያስተኛች ይመስል። ባለፈው ሳምንት የሚያብረቀርቅ ነገር ወጣላትና ቤተ ሙከራው ሁሉ ተሰብስቦ ኬክ ቆረሰ። ትናንት በኤክስሬይ ሲያዩት ጨው ሆኖ ተገኘ።

ዛሬ እናቷ ደውላ "ልጄ፣ ከምን ደረስሽ?" አለቻት።

"ጨው ሠራሁ፣ እማዬ።"

እናት ትንሽ አሰበች። "እሱማ እዚህም ሞልቷል። ነይ በቃ።"

"እሺ" ብላ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ካፖርቷን ቆልፋ ወደ ክፍሉ ተመለሰች፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።