የጾም ፎቶግራፍ

በሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ አከራዬ በሬን አንኳኩ። ሞላሌ ከተማ ኬሚስትሪ እንዳስተምር ተመድቤ ከመጣሁ ወዲህ፣ የድሮ ሰዎች በፀሐይ ፎቶ ያትሙበት የነበረውን ዘዴ በትርፍ ጊዜዬ እሞክር ነበር። ለዚህ የምጠቀምበት የብር ማዕድን ውህድ ጣቶቼን ስላጠቆራቸው ክፍል ውስጥ እጄን እደብቃለሁ። እሳቸው ግን ያዩትን አይተዋል። ከጉያቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ኔጋቲቭ፣ ጥቁሩ ነጭ ነጩ ጥቁር ሆኖ የሚታይበትን የፎቶ ፊልም፣ አወጡ። ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰደው ልጃቸው ነው፤ ሌላ ፎቶ የላቸውም።

«ፊቱ ከሰል፣ ጠጉሩ ነጭ። ልጄ ሳይመለስ ሸበተብኝ» አሉ።

በዚያ ዘዴ ወረቀቱ መጀመሪያ ጨው የገባበት የእንቁላል ነጭ ይቀባል፤ ምስሉ ጥርት የሚለው በዚህ ነው። ከጎረቤት ሁለት እንቁላል ለመንኩ። ቀብቼ አደረቅሁት፣ የብር ውህዱን አጠጣሁት፣ ከኔጋቲቩ ጋር በመስተዋት ሥር ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። ልጁ ጥቁር ጠጉሩን ይዞ ወጣ። አከራዬ ራስጌያቸው ሰቅለውት ጠዋት ጠዋት ከጸሎት በኋላ ይስሙት ጀመር።

ወዲያው ወሬ ተነሣ፤ መምህሯ በሁዳዴ እንቁላል ትበላለች ተባለ። ማስረዳቱ አሳፈረኝና ተውኩት። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ግን አከራዬ ራሳቸው መጡ።

«ልጄ፣ ተማርን ብላችሁ ጾሙንም ሻራችሁት?»

አልበላሁትም፣ ፎቶው ላይ ነው ያለው አልኳቸው።

ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ልጃቸው በሕይወት እንዲመለስ ይህን ጾም ያለ እንከን ሊፈጽሙ ተስለው እንደነበር ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ።

«ታዲያ ስገድፍ ነው የከረምኩት» አሉ።

እንቁላሉ ተለውጧል፣ ታጥቧልም ብላቸው፣ «ጾም በሚዛን ነው እንዴ?» ብለው ፎቶውን ጠረጴዛዬ ላይ በፊቱ ደፍተውት ወጡ።

በማግሥቱ ጠዋት አዲስ ወረቀት ያለ እንቁላል በጨው ውሃ ብቻ ነክሬ የብር ውህዱን አጠጣሁት። ኔጋቲቩን ሳነሣ ፊልሙ ራሱ ከከብት አጥንት በሚወጣ ሙጫ እንደሚለበጥ ትዝ አለኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ደመናው እስኪገለጥ ደጅ ላይ ጠበቅሁ። የልጃቸው ፊት ወረቀቱ ውስጥ የሰመጠ መስሎ ደብዝዞ ወጣ። አጠብኩት፤ ከነእርጥቡ ይዤላቸው ገባሁና ጨው፣ ውሃና ብር ብቻ ነው አልኳቸው።