የማር ጠርሙሶቹ የአባይ ፈተና

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ማር አሽጎ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። በካርቶን ታሽገው በፓሌት፣ ማለትም በእንጨት ርብራብ ላይ የተደረደሩት ጠርሙሶች መንገድ ይችሉ እንደሆነ የምፈትነው እኔ ነኝ። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ በመኪና አውርጄ ስመልሳቸው ሁለቴ ተሰበሩብኝ። አለቃዬ "አሁንም ከተሰበረ በጠርሙስ መላኩን እንተዋለን" አለኝ።

ደጀን ላይ ማር የለበሰ ስብርባሪ ስለቅም፣ ከቁይ የመጡ እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ እንቁላል ነጋዴ ሲያዩኝ ቆዩና "ልጄ፣ ጠርሙሱን የሚሰብረው መንገዱ ሳይሆን ጎረቤቱ ጠርሙስ ነው" አሉኝ። ካርቶኖቹን አስከፍተው በየመካከሉ የጤፍ ጭድ ጠቀጠቁልኝ። በጭዱ እያፈርኩ ጭኜ ወደ በረሃው ወረድኩ።

ስመለስ አንድም አልተሰነጠቀም! እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል "ቆይ እስቲ" ብለው ከመሃለኛው ካርቶን ጭድ ውስጥ አምስት ደህና እንቁላሎች አወጡ።

"መክሬ ብቻ እንዳልቀር የራሴንም ጨምሬልህ ነበር።"