የጋሽ ፈለቀ አረንጓዴ ባቡር

በካፋ ምድር ሐዲድ ተዘርግቶ አያውቅም። የቤት አከራዬ ጋሽ ፈለቀ ግን ቦንጋ ላይ አሥራ አንድ ባቡር ነበራቸው፤ የድሮውን የእንፋሎት ባቡር የሚመስሉ፣ በቁልፍ ተጠምዝዘው የሚሄዱ የቆርቆሮ መጫወቻዎች። ጡረታ እስኪወጡ መዝገብ ቤት ሠርተዋል። ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው ካገኙ ሰላምታውን ሳይጨርሱ «የቆርቆሮ ባቡር ካየህ እንዳታልፈው!» ይሉታል።

ጠላታቸው ዝናብ ነበር። የቦንጋ እርጥበት ቆርቆሮ ይበላል። ስለዚህ ከማንኪራ የንብ ሰም እያስመጡ ይቀቧቸዋል። ውጪውን ብቻ ቢቀቡ ደግ ነበር፤ እሳቸው ግን አቅልጠው ቁልፉ የሚጠመዝዘው ሞላ ውስጥ ጭምር ያፈሱታል። ሰሙ ሲረጋ ባቡሩ ይያዛል። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ነገርኳቸው፤ ማን ሰምቶኝ! ባለቤታቸው እትዬ አልጋነሽም «ቤቴን ቀፎ አደረግኸው» እያሉ ሰሙን ሁለት ጊዜ ከነጣሳው ወርውረውታል።

አንድ ማለዳ ጋሽ ፈለቀ አረንጓዴውን ባቡር እስከ መጨረሻው ጠመዘዙት። አልሄደም።

«ግድ የለም፣ ሲፈልግ ይሄዳል» አሉ። በማግስቱ አረፉ። የዚያን ባቡር ቁልፍ ፈልገን አጣነው።

እትዬ አልጋነሽ ባቡሮቹን ማየት ከበዳቸው። አርባው ሲወጣ ሰሚር የሚባል የድሮ ዕቃ ሰብሳቢ ከጅማ መጥቶ እንዲወስዳቸው ተስማሙ። የመጣ ዕለት ከስንት ጊዜ በኋላ ፀሐይ ወጥታ ነበርና ባቡሮቹን በረንዳው ጠረጴዛ ላይ ደረደርናቸው። ሰሚር አሥሩን በጋዜጣ ጠቀለለ፤ አረንጓዴው ብቻ ቀረ።

ጠቅ አለ።

ማንም አልነካውም። ደግሞ ጠቅ አለና ቀስ እያለ ወደ እትዬ አልጋነሽ መሄድ ጀመረ። የሞቀ ሰም ሸተተን፤ የጋሽ ፈለቀ እጅ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚሸተው። ሰሚር «ቢስሚላሂ!» ብሎ ደረጃውን ዘለለው። እኔ የፊዚክስ አስተማሪው ጸጉሬ ቆመ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው።

«ሰሙ በፀሐይ ቀልጦ ነው፤ ሞላው እንደተጠመዘዘ ነበር» አልኩ።

«ማን ጠምዝዞት?» አሉኝ እትዬ አልጋነሽ።

«ጋሽ ፈለቀ ናቸዋ። አልሄድ ያላቸው ዕለት።»

እትዬ አልጋነሽ ባቡሩን ብድግ አደረጉና የሚሽከረከረውን ጎማ በአውራ ጣታቸው ያዙት። ቆመ።

«አሥሩን ውሰድ። ይሄ አይሄድም» አሉት ሰሚርን። ሰሚርም ይጨመርልኝ ያለ አይመስለኝም።

ከሰዓት በኋላ ስገባ እትዬ አልጋነሽ ጥላው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ጣታቸውን ከጎማው አላነሱም። ፊታቸው በእንባ ርሷል።

«ፍቃዱ፣ ማንኪራ ሰው ታውቅ የለ?»

«አውቃለሁ፤ ምን ፈልገው ነው?»

«ሰም ያምጣልኝ። እዚህ ውስጥ የቀረው የእሱ ጉልበት ነው፤ ልጨርሰው አልፈልግም» አሉኝ። «ቶሎ በል ልጄ፣ ጣቴ ዝሏል።»